ለሞዴል ባቡር መቆጣጠሪያ የቱን አዳፕተር እንግዛ?

ጥያቄው ከደብረ ማርቆስ ነው፦ «ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ከአሜሪካ ኤችኦ የሚባለው መጠን ሞዴል ባቡር ተልኮልናል። በዲሲሲ፣ ማለትም ኃይሉንም ዲጂታል ትዕዛዙንም በሐዲዱ በሚልክ ዘዴ፣ የሚሠራ ነው። የመቆጣጠሪያው ሣጥን ጀርባ ላይ ‹መግቢያ 15 ቮልት ዲሲ፣ 3 አምፔር› ይላል። አብሮት የመጣው አዳፕተር ግን 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ስለሚል ፈርተን አልሰካነውም። እጃችን ላይ 19 ቮልት 3.42 አምፔር የላፕቶፕ ቻርጀር፣ 12 ቮልት 1 አምፔር የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር፣ እንዲሁም ውጪው 12 ቮልት ኤሲ የሚል ከባድ የድሮ አዳፕተር አለ። ከባቡሩ ሌላ አንድ አርዱይኖ (በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ)፣ ሐዲድ የሚቀይሩ 6 ትንንሽ ሰርቮ ሞተሮችና ወደ 30 የሚሆኑ የኤልኢዲ መብራቶች አሉን። ሁሉንም በአንድ አዳፕተር ማስነሳት ይቻላል? አንድ ጠጋኝ ‹አምፔሩ ከበዛ ቦርዱን ያቃጥለዋል› ብሎናል። ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ብንገዛስ?»

በአንድ አዳፕተር አይሆንም። ሁለት ያስፈልጋችኋል፦ አንዱ ለባቡሩ መቆጣጠሪያ፣ ሌላው ለአርዱይኖው፣ ለሰርቮዎቹና ለመብራቶቹ። እጃችሁ ላይ ካሉት ውስጥ ደግሞ እንዳለ ለመቆጣጠሪያው የሚሆን አንድም የለም። ምክንያቱን ላስረዳ።

የአሜሪካው አዳፕተር ውጪው ልክ ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ መግቢያው ነው። እኛ ጋ ግድግዳው ላይ ያለው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። 120 ብቻ የሚል ትራንስፎርመር 220 ሲገባበት ብዙ አይቆይም። ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ አለቀለት። አንዳንዴ ውስጡ ያለው የሙቀት ፊውዝ ቀድሞ ይቆርጣል፤ ያኔም ቢሆን አዳፕተሩ ከሥራ ውጪ ነው። አለመሰካታችሁ ጥሩ ነው። ጽሑፉ «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» ቢል ኖሮ ግን የሚያስፈልጋችሁ ጠፍጣፋውን እግር ወደ ክብ የሚቀይር ስፒና ብቻ ነበር። ዛሬ ዛሬ ከውጭ የሚመጡ ቻርጀሮች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ስለዚህ አንድ ዕቃ «የአሜሪካ ነው» ተብሎ ብቻ አይጣልም። መጀመሪያ ጽሑፉ ይነበባል።

ከ220 ወደ 110 የሚቀንሰው ትራንስፎርመር ሥራውን ይሠራል፤ እኔ ግን አልመክርም። ለ60 ኸርዝ ተብሎ የተጠመጠመ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ሲሠራ ብረቱ የበለጠ ስለሚጫን ከለመደው በላይ ይሞቃል። የመስመሩ ቮልት ከፍ ዝቅ ሲል እሱም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ክበብ ውስጥ ብዙ እጅ አለ። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ መቀየሪያ ስፒና ያገኝና አዳፕተሩን ቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካዋል። ለፀጉር ማድረቂያ ተብለው የሚሸጡት ትንንሽና ቀላል መቀነሻዎች ደግሞ ጭራሽ አይታሰቡም። ሞገዱን እየቆራረጡ ነው የሚያወጡት፤ ለኤሌክትሮኒክስ አይሆኑም። የአሜሪካውን አዳፕተር እግሩን በናስትሮ ጠቅልላችሁ ከሌሎቹ ለይታችሁ አስቀምጡት።

ወደ ጠጋኙ ምክር ልምጣ። እንደ ተባለው ከሆነ ስህተት ነው። አዳፕተር አምፔር አይገፋም። የሚገፋው ቮልት ነው፤ አምፔሩን የሚስበው ዕቃው ራሱ ነው። ምንጩ ትልቅ ስለሆነ እንስራው ከልኩ በላይ አይሞላም። 3 አምፔር የሚፈልግ መቆጣጠሪያ 5 አምፔር የሚችል አዳፕተር ላይ ቢሰካ ያው የሚበቃውን ብቻ ነው የሚወስደው። አደጋው ያለው በተቃራኒው ነው። 3 የሚፈልገውን 1 ላይ ብትሰኩት አዳፕተሩ ይግላል፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ መቆጣጠሪያው እየጠፋ ይበራል።

ግን ጠጋኙ ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም። ሞዴል ባቡር ላይ ሾርት የዘወትር ነገር ነው። ሎኮሞቲቩ ከሐዲድ ወጥቶ ጎማው ሁለቱን ሐዲዶች ካገናኘ በቃ፣ ሾርት ነው። ያኔ አዳፕተሩ ያለውን ሁሉ ይሰጣል። ያለው 3 አምፔር ከሆነ መቆጣጠሪያው በሰላም ይቆርጣል። ያለው 10 ወይም 20 ከሆነ ግን መቆጣጠሪያው ቶሎ ካልቆረጠ ቀጫጭኑ ሽቦ ሊቀልጥ፣ ሎኮሞቲቩ ሥር ያለው ፕላስቲክ ሊጨማደድ ይችላል። ስለዚህ አምፔሩ ከተጻፈው አይነስ፤ ነገር ግን ጣሪያም ይኑረው። ለእናንተ መቆጣጠሪያ ከ3 እስከ 5 በቂ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን፣ በተለይ ለረጃጅም የኤልኢዲ ጥቅል መብራት የሚሸጠውን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የብረት ሣጥን ፓወር ሰፕላይ፣ ለክበብ አልመክርም። እሱ ላይ ደግሞ የ220 ብሎኖቹ ክፍት ናቸው።

ቮልት ላይ ግን ድርድር የለም። ብዙ መቆጣጠሪያዎች የገባላቸውን አንድ ሁለት ቮልት ቀንሰው ወደ ሐዲዱ ያስተላልፉታል። 15 ሲገባ 13 ወይም 14 ይወጣል፤ ለኤችኦ ምቹ ነው። የላፕቶፑን 19 ብትሰኩበት ሐዲዱ ላይ 17 ወይም 18 ታገኛላችሁ። ሎኮሞቲቩ ውስጥ ያለው ዲኮደር፣ ትዕዛዙን የሚቀበለው ትንሽ ቦርድ፣ ብዙውን ጊዜ ይህን ይችላል፤ ግን ይሞቃል፣ ትንንሾቹ አምፖሎችም ዕድሜያቸው ያጥራል። የበለጠ የምፈራው ለመቆጣጠሪያው ለራሱ ነው። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች 16 ቮልት የሚችሉ ከሆኑ በ19 ያብጣሉ። እስከ 18 ወይም 20 ቮልት የሚቀበሉ መቆጣጠሪያዎች አሉ፤ የእናንተው ግን 15 ብሎ ጽፏል። የተጻፈው ይከበር። የራውተሩ 12 ቮልት ደግሞ ምናልባት መብራቱን ያበራ ይሆናል፤ ባቡሩ ግን ዳገት ላይ ይለግማል፣ 1 አምፔሩም አይበቃውም።

(በነገራችን ላይ ኤችኦ ማለት 1 ለ87 ነው። የእናንተ ሐዲድ ስፋቱ 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። በ87 ስታባዙት 1435 ላይ ይመጣል፤ ይህ የአዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ስፋት ነው። የድሮው የፈረንሳዮቹ መስመር ግን 1 ሜትር ስለነበረ በዚሁ መጠን ወደ 12 ሚሊ ሜትር ይጠባል። ጎጃም ላይ ባቡር ባይደርስም ልጆቹ ጠረጴዛ ላይ በማስመሪያ ሊለኩት ይችላሉ።)

15 ቮልት አዳፕተር እንደ 12 በየሱቁ አይገኝም። አንድ ጥሩ መንገድ አለ። የድሮ ቶሺባ ላፕቶፖች ቻርጀር ውስጥ 15 ቮልት 5 አምፔር የሚል አለ። መግቢያው 100–240 ነው፣ ቮልቱ የተረጋጋ ነው፣ አሠራሩም ከርካሽ አዳፕተር ይሻላል። ጫፉ ወፍራም ስለሆነ ግን ተቆርጦ በመቆጣጠሪያው ልክ ይቀየራል። ቶሺባ ሁሉ 15 አይደለም፤ 19ም አለው። ስሙን ትታችሁ ቁጥሩን እዩ።

ውጪው ኤሲ የሚለውን ከባድ አዳፕተር እርሱት። ዲሲ የሚጠይቅ ዕቃ ላይ ኤሲ ሲገባ፣ መግቢያው ላይ ዳዮድ ከሌለ ወዲያው ይበላሻል። ዳዮድ ቢኖርም 12 ኤሲ ተስተካክሎ ወደ ዲሲ ሲለወጥ 12 ሆኖ አይቀርም። በ1.41 ይባዛል፣ ከዚያ ለዳዮዶቹ አንድ ተኩል ያህል ይቀነሳል፤ ወደ 15 ተኩል ይመጣል። ጭነት ሳይኖረው ደግሞ ከዚያም ይዘላል። «12 ይላል፣ ለአርዱይኖ ይሆናል» ብሎ ቦርድ ያቃጠለ ብዙ ነው። ከባድ የሆኑ የድሮ ዲሲ አዳፕተሮችም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው፦ 12 ተጽፎባቸው በቴስተር ሲለኩ 16 ወይም 17 ያሳያሉ።

አሁን ሁለተኛው አዳፕተር ለምን እንደሚያስፈልግ። አንድ ሰርቮ ሲነሳ ወይም ሐዲዱ አልላወስ ብሎት ሲጨናነቅ ለአፍታ ብዙ ይስባል። ትንሿ ሰማያዊ ሰርቮ፣ ኤስጂ90 የምትባለው፣ ስትጨናነቅ ከግማሽ አምፔር በላይ ትወስዳለች። ከባቡሩ ጋር አንድ አዳፕተር ላይ ከሆነች ቮልቱ ወደታች ይሰበራል፣ አርዱይኖው ከመጀመሪያው ይነሳል፣ እሱ ሲነሳ ደግሞ ሰርቮዎቹ ሁሉ አንዴ ይንቀጠቀጣሉ። ባቡሩም ሐዲድ ላይ ሾርት ባደረገ ቁጥር ሁሉም ነገር አብሮ ይጠፋል።

ይህ የሚያናድድ ብቻ ነው። የሚያቃጥለው ሌላ ነው። ዲሲሲ ሐዲድ ላይ ቋሚ ፖዘቲቭና ቋሚ ኔጌቲቭ የለም። ሁለቱ ሐዲዶች በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ቦታ ይለዋወጣሉ። የሰርቮው ኔጌቲቭ ከመቆጣጠሪያው አዳፕተር ጋር አንድ ከሆነና የሆነ ሽቦ ሾልኮ ሐዲድ ቢነካ፣ ሐዲዱ ፖዘቲቭ በሆነበት ቅጽበት ሁሉ የመቆጣጠሪያው ውጪ ግማሽ ጎኑ ሾርት ይሆናል። መቆጣጠሪያው ይህንን ሁልጊዜ ለይቶ አይቆርጥም። ሁለቱ አዳፕተሮች ምንም የሚያገናኛቸው ነገር ከሌለ ግን ያው ሽቦ ያንኑ ሐዲድ ቢነካ ኤሌክትሪኩ ዞሮ የሚመለስበት መንገድ ስለሌለው ምንም አይሆንም። ለሁለተኛው አዳፕተር የምታወጡት ብር ዋጋው እዚህ ላይ ነው።

ለዚህም አዳፕተሩ ላይ አራት ማዕዘን ውስጥ አራት ማዕዘን ያለበትን ምልክት ፈልጉ። መሬት ሽቦ አያስፈልገውም ማለት ነው። ሦስት እግር ያላቸው የላፕቶፕ ቻርጀሮች ብዙዎቹ ውስጥ ለውስጥ ኔጌቲቩን ከመሬት ጋር ያገናኙታል። አርዱይኖውን በዩኤስቢ ፕሮግራም ስታደርጉም ላፕቶፑ ከቻርጀር ተነቅሎ በባትሪ ይሥራ።

ምን ያህል ይበቃል? እንቁጠር። 30 ኤልኢዲ በ12 ቮልት እያንዳንዳቸው 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይዘው ወደ 10 ሚሊ አምፔር ቢወስዱ 0.3 አምፔር ነው። ሰርቮዎቹ በ5 ቮልት ነው የሚሠሩት። ስድስቱ አንድ ላይ እንዳይነሱ በፕሮግራም ብታደርጉ፣ ሁለቱ ቢጨናነቁ እንኳ ከነአርዱይኖው 2 አምፔር አይሞላም። በ5 ቮልት 2 አምፔር 10 ዋት ነው፤ ከ12 ወደ 5 የሚቀንሰው ቦርድ የሚያባክነው ሲጨመር ከ12 ቮልቱ በኩል 1 አምፔር ያህል ይሆናል። ሲደመር 1.3። ግማሹን ያህል መጠባበቂያ ጨምሩበት፤ 2 አምፔር። ስለዚህ የራውተሩ 1 አምፔር አይበቃም። ለደኅንነት ካሜራ የሚሸጠው 12 ቮልት 2 አምፔር አዳፕተር ግን ልክ ነው። 3 ካገኛችሁ ይበልጥ ጥሩ።

ከ12 ወደ 5 የሚቀንሰው ላይ ሁለት ስህተት ይደጋገማል። አንደኛው ሰርቮዎቹን ከአርዱይኖው 5 ቮልት ፒን መውሰድ ነው። ቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ሬጉሌተር ትርፉን ቮልት ወደ ሙቀት ነው የምትቀይረው። ከ12 ወደ 5 ስትቀንስ 7 ቮልት ይተርፋል፤ በግማሽ አምፔር 3.5 ዋት ሙቀት ማለት ነው። የጥፍር ያህል ለማትሆን ቁራጭ ይህ ብዙ ነው፤ ጣት አያስነካም። በምትኩ ኤልኤም2596 ያለበትን ትንሽ ሰማያዊ መቀነሻ ቦርድ ግዙ። 3 አምፔር ይላል፤ ማቀዝቀዣ ብረት ሳይለጠፍበት ግን 2 ላይ ብታቆሙት ይሻላል።

ሁለተኛው ስህተት ይህንኑ ቦርድ ሳይለኩ ማገናኘት ነው። አዲስ ሲመጣ 5 ላይ ተስተካክሎ አይመጣም፤ የገባለትን ያህል ሊያወጣ ይችላል። መጀመሪያ መግቢያውን ብቻ 12 ላይ አድርጉ። ውጪው ላይ ቴስተር ያዙ። ከዚያ የነሐስ ቀለም ያላትን ትንሽ ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ ወደ ግራ ማዞር ጀምሩ። መጀመሪያ ብዙ ዙር ምንም የማይለወጥ ይመስላል፤ አትደንግጡ፣ ብሎኗ ብዙ ዙር ነው ያላት። ቁጥሩ መውረድ ሲጀምር ቀስ በሉ። 5.0 ላይ አቁሙና የጥፍር ቀለም ጠብ አድርጉባት፣ ማንም እንዳያዞራት። ከዚህ በኋላ ነው ሰርቮና አርዱይኖ የሚገናኘው። የሰርቮዎቹና የአርዱይኖው ኔጌቲቭ እርስ በርስ የግድ መገናኘት አለበት፤ ካልተገናኘ ሰርቮው ትዕዛዝ አይሰማም።

ከ12 ቮልቱ አዳፕተር ቀጥሎ ፖዘቲቩ ላይ የ2 አምፔር ፊውዝ አስገቡ፤ 3 አምፔር አዳፕተር ከገዛችሁም ፊውዙ ያው 2 ይሁን። የባቡሩ መቆጣጠሪያ ራሱ የሚቆርጥ ነገር አለው፤ የመብራቶቹና የሰርቮዎቹ በኩል ግን የለውም።

ጫፉን አትናቁት። ክቡ ጫፍ ውጪው 5.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ የውስጥ ቀዳዳው 2.1 ወይም 2.5 ይሆናል። ሁለቱ በዓይን አይለዩም። 2.5 የሆነው ጫፍ 2.1 ሚስማር ላይ ገብቶ ይቀመጣል፤ ግን ላላ ይላል፣ ጠረጴዛው በተነቃነቀ ቁጥር ይቆርጣል። ክበቦች «ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል» ብለው የሚለፉበት ብልሽት አንዳንዴ ይኸው ነው። ፖሉም ይታይ። ሁለት ክብና መሃል ነጥብ ያለበት ሥዕል ላይ ፕላሱ ወደ ነጥቡ ከሆነ መሃሉ ፖዘቲቭ ነው። ጫፍ ከቀየራችሁ ሥዕሉን አትመኑ፣ በቴስተር ለኩ።

ገበያ ላይ የተጻፈው አምፔር ሁልጊዜ እውነት አይደለም። 12 ቮልቱን ለመፈተን ቀላል ዘዴ አለ። ከባጃጅ ወይም ከመኪና ጋራዥ የፍሬን መብራት አምፖል ፈልጉ፣ 12 ቮልት 21 ዋት። ወደ 1.75 አምፔር ይወስዳል። አዳፕተሩ ላይ አብርታችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ቮልቱ ከ11.5 በታች ካልወረደና አዳፕተሩ በእጅ የሚያዝ ከሆነ 2 አምፔሩ እውነት ነው። ከሸተተ ወደ ሱቁ መልሱት። አምፖሉ ራሱ በጣም ስለሚግል እንጨት ወይም ፕላስቲክ ላይ አታስቀምጡት።

ደብረ ማርቆስ ስለሆናችሁ ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ የቻይና አዳፕተሮች ላይ ተራራ የሚመስል ሥዕልና 2000 ሜትር የሚል ታገኛላችሁ። ከዚያ ከፍታ በታች ለመሥራት ነው የታሰበው ማለት ነው። ባሕር ዳር ያለ ሰው በዚህ አይጨነቅም፤ እናንተ ግን ከ2400 በላይ ናችሁ። አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዙም፣ ኤሌክትሪኩ እንዳይዘል መከላከሉም ይቀንሳል። ገና ሲሰካ ይቃጠላል ማለት አይደለም። አማራጭ ካለ ያንን ምልክት የሌለበትን ምረጡ፤ ከሌለ ከአቅሙ በታች አሠሩት፣ ሣጥን ውስጥም አትዝጉበት።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ቮልት አንዳንዴ ኃይለኛ ነው። መብራት ሲጠፋ ዲቫይደሩን አጥፉት። ተመልሶ ከረጋ በኋላ አብሩ። ስታብላይዘር ለእነዚህ አዳፕተሮች ብዙም አይጨምርላቸውም፤ ከ100 እስከ 240 ራሳቸው ይችላሉና። መብረቅን ደግሞ ስታብላይዘርም አይመልሰውም። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲሰማ ስፒናው ይነቀል፤ ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

የተበላሸ አዳፕተር ለልጆች መማሪያ ተብሎ አይከፈት። ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር እስከ 311 ቮልት ይይዛል፤ ከተነቀለም በኋላ ሊቆይ ይችላል። ልጆቹ የሚነኩት ከአዳፕተሩ ወዲህ ያለውን፣ 15 ቮልትና ከዚያ በታች የሆነውን ብቻ ይሁን።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ለመቆጣጠሪያው መግቢያው 100–240 የሆነ፣ ውጪው 15 ቮልት ዲሲ፣ ከ3 እስከ 5 አምፔር የሆነ አዳፕተር ግዙ። 15 እስኪገኝ ባቡሩ ይቆይ፤ በ19 አትሞክሩት። ለሌላው ሁሉ 12 ቮልት ዲሲ 2 ወይም 3 አምፔር፣ ከነፊውዙና ከነመቀነሻው። የሁለቱን ጫፍ በተለያየ ቀለም ናስትሮ ለዩ፤ ከተቻለም 12ቱን 2.1፣ 15ቱን 2.5 አድርጉት፣ የመቆጣጠሪያው ቀዳዳ ከፈቀደ።

መጀመሪያ ስታስነሱ 15ቱን ባዶውን ለኩ፤ ከ14.5 እስከ 15.5 ከሆነና ፖሉ ልክ ከሆነ መቆጣጠሪያውን ብቻ ሰኩ። ሐዲዱ ላይ ምንም አይኑር። ከረጋ አንድ ሎኮሞቲቭ አስቀምጡ። የ12ቱን በኩል ከዚያ በኋላ አብሩ፤ መጀመሪያ መብራቶቹን፣ ቀጥሎ አርዱይኖውን፣ ሰርቮዎቹን ግን አንድ በአንድ።